ሶሌታችን ዛሬም በባሕር ዛፍ ተደግፎ ነው ያለው

ውድ የእድራችን አባላት፣ በውጭ አገር ያላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣

ስንጽፍላችሁ ይህ ሦስተኛችን ነው። መሰልቸታችሁ ይገባናል፣ እኛም ደክሞናል። ግን ባለፈው ክረምት ከሶሌታው፣ ማለትም የእድራችን ቤት ፎቅ ወለል ከሆነው አርማታ፣ ሥር ያለው የምድር ቤቱ አዳራሽ ልስን ወድቆ ከሥሩ የታየው ፌሮ በጣት ሲነኩት እንደ ቅርፊት ይረግፍ ነበር። ሰው ያልተጎዳው በፈጣሪ ቸርነት ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቁ ተዘግቷል። ለቀስተኛ የምንቀበለው እንደ ድሮው ድንኳን ተክለን ነው።

“አፍርሳችሁ ለምን አትሠሩትም?” ያላችሁን አላችሁ። አቅሙ የለንም። በላዩ አርማታ እንጨምር ብንልም፣ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ በካሬ 125 ኪሎ ያህል ይጭንበታል። መሐንዲሱ የመከረን የካርቦን ፋይበር ጨርቅ (ከጠንካራ የካርቦን ክር የተሠራ) በኢፖክሲ፣ ማለትም በጠንካራ ማጣበቂያ፣ ከሶሌታው ሆድ (ከሥረኛው ገጹ) ላይ እንዲለጠፍ ነው። ሶሌታ ሲጫነው መሃሉ ይረግባል፣ ሆዱም ይወጠራል። ጨርቁ ያንን ውጥረት ይሸከማል። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ደግሞ አይዝግም። በስዊዘርላንድ፣ ሉሰርን ያለው የኢባክ ድልድይ በ1991 እ.ኤ.አ. የተጠናከረው በ6.2 ኪሎ ካርቦን ፋይበር ነው። በብረት ቢሆን 175 ኪሎ ይፈጅ ነበር።

“ለሶሌታ ያዋጣነውን ለቆርቆሮ አዋላችሁት” የሚለው ቅሬታ ደርሶናል። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ጣሪያውን ቀየርን። ፌሮውን ያዛገው የጣሪያው ፍሳሽ ነው። እርጥብ አርማታ ላይ የተለጠፈ ጨርቅ ደግሞ ይላቀቃል። ጣሪያው እያፈሰሰ ብንለጥፍ ኖሮ ገንዘባችሁን ውኃ በበላው ነበር። ደረሰኙ በሙሉ ገንዘብ ያዥ ዘንድ አለ፤ መጥታችሁ እዩ።

የቀረው ሥራ ብዙ ነው። ዝገቱ ይጸዳል፣ የረገፈው ይሞላል፣ ስንጥቁ በኢፖክሲ ይደፈናል፣ ገጹ ይፋቃል፤ ጨርቁ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኢፖክሲ ሙቀት ስለማይችል እሳት መከላከያ ልስን ይደረግበታል። እናቶቻችን ወጥ የሚሠሩበት ምድጃም ከአዳራሹ ይወጣል።

ይህን ቤት ወላጆቻችን ከወር መዋጯቸው ቆጥበው ነው የሠሩት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እዚያው ተላቅሷል፣ እዚያው ተጽናንቷል። እኛ እያለን ሲወድቅ ማየት ይከብዳል።

እባካችሁ ገንዘቡን በእድሩ ስም ወደተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ አስገቡ። ቁጥሩ በመዋጮ ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ታትሟል። ውጭ ያላችሁ ደብተሩን ከቤተሰብ ጠይቁ። በግለሰብ ስም አትላኩ፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም እንኳ። ስታስገቡ “ለሶሌታ” ብላችሁ ጻፉና ደረሰኙን ለጸሐፊው አሳዩ። ሥራው በደረቅ ወቅት ማለቅ አለበት፤ ሰኔ ሳይገባብን እንድረስ። በድጋሚ፦ በእድሩ ስም፣ ደብተሩ ጀርባ ባለው ቁጥር።

የእድሩ የሕንፃ ኮሚቴ