ሚክሰር ከመግዛታችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቤታቸው ዘፈንም ይሁን መዝሙር ለመቅዳት እቃ ሊገዙ ያሰቡ ልጆች እኔ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባቸው ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

አምና ለፋሲካ አጎቴ ከጎጃም ማሲንቆውን ይዞ እኛ ጋ መጣ፣ እናቴ ደሞ እንጉርጉሮ የምትለው እሱ ሲመታላት ብቻ ነው፣ እና ይሄማ ሊያመልጠኝ አይገባም ብዬ ያጠራቀምኩትን ብር ይዤ እቃ ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ "ስቱዲዮ ያለ ሚክሰር አይሆንም" አለኝና ዩኤስቢ ያለው ሚክሰር (የብዙ ማይክ ድምጽ ተቀብሎ የሚደባልቅ እቃ) ሸጠልኝ። ሁለት ማይክ ሰካሁ፣ አንዱን ለእናቴ አንዱን ለማሲንቆው፣ ሳሎን ቁጭ ብለው ከሰዓቱን ሙሉ ሲጫወቱ ዋሉ። በነጋታው ላፕቶፑን ስከፍተው ያለው አንድ ስቴሪዮ ፋይል ብቻ ነው፣ ሁለቱም ድምጽ እዛው ውስጥ ተደባልቋል። ማሲንቆው ጎልቷል፣ እናቴ የስንኙን መጨረሻ ዝቅ አድርጋ ስትለው ይውጣታል፣ እሱን ብቻ ልቀንሰው ስል እሷም አብራ ትቀንሳለች። አጎቴ በዛን ሰዓት ወደ አገሩ አውቶብስ ተሳፍሯል።

በኋላ ነው የገባኝ፣ ረከስ ያሉት ባለ ዩኤስቢ ሚክሰሮች አብዛኞቹ ስንትም ማይክ ብትሰኩ ወደ ኮምፒውተሩ የሚልኩት ግራና ቀኝ ሁለት ቻናል ብቻ ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ የሚልኩም አሉ ግን ዋጋቸው ወፈር ይላል። ያን ቀን ባውቅ ኖሮ የእናቴን ማይክ ፓኑን (ድምጹን ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ የሚወስደውን ማዞሪያ) ሙሉ ግራ የማሲንቆውን ሙሉ ቀኝ ባዞረው ይበቃኝ ነበር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆኑ አንዱ ወደ ሌላው ማይክ ትንሽ መግባቱ ባይቀርም ማስተካከያ ይኖረኝ ነበር። ሚክሰር ያላችሁ ልጆች ይቺን ያዙልኝ።

ገና ልትገዙ ከሆነ ግን ባንድ ጊዜ የምትቀዱት አንድ ወይ ሁለት ድምጽ ነው? እንደዛ ከሆነ ባለ 2 መግቢያ ሳውንድ ካርድ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኝ እቃ)፣ ለምሳሌ እንደ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 ያለው ይበቃል፣ ሁለቱም ለየራሳቸው ትራክ (ለብቻው የሚስተካከል ቅጂ) ይገባሉ፣ ኮንደንሰር የሚባለው ማይክ ለመስራት የሚያስፈልገው 48 ቮልት ኤሌክትሪክም ከሱ ይወጣል (እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ዳይናሚክ ማይክ ከሆነማ እሱም አያስፈልግም)። ድምጹን ማመጣጠኑ፣ ኢኮው፣ ምኑ፣ ሁሉም ከተቀዳ በኋላ ኩቤዝ ወይ ሪፐር የሚባሉት የኮምፒውተር መቅጃ ፕሮግራሞች ላይ ይሰራል፣ ያልተዋጠላችሁን ነገ መልሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ድሮ እንደዚህ አልነበረም፣ ታስካም በ1979 እ.ኤ.አ. በካሴት 4 ትራክ የሚቀዳውን ፖርታስቱዲዮ ሲያወጣ ሚክሰሩ አብሮ እዛው እቃ ላይ ነበር ምክንያቱም ድምጹን የሚደባልቅ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ አልነበረም፣ ስቱዲዮ ሲባል ሚክሰር ትዝ የሚለን ከዛ ዘመን ስለመጣ ይመስለኛል።

ሚክሰር አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ሰርግ የምትሰሩ፣ ቸርች የምታገለግሉ፣ ባንድ ሰብስባችሁ የምትለማመዱ፣ አራት ሰው አስቀምጣችሁ ቀጥታ የምታስተላልፉ ከሆነ ያስፈልጋችኋል፣ ምክንያቱም ድምጹን እዛው በዛው በእጅ ማስተካከል አለባችሁ። ብቻውን ክራር ይዞ መኝታ ቤቱ ለሚቀዳ ልጅ ግን ያ ብር ደህና ማይክ ላይ ቢውል፣ ከተረፈም ወፍራም መጋረጃ ቢገዛበት ይሻላል፣ ቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል የሚያመጣውን ጩኸት የትኛውም ሚክሰር አያጠፋውም፣ እኔ አሁን ግድግዳው ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቅዬ ነው የምቀዳው።

እቃ የምትሸጡ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ባንዴ ስንት ማይክ እንደሚቀዳ ጠይቁት። እኔ ያን ቀን ብጠየቅ "ሁለት፣ እናቴና አጎቴ" ነበር የምለው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ