ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አለሽ ወይ?

ጅማ፣ ሐምሌ

የኔ እመቤት፣

ሰላም ነሽ? ልጆቹስ? የባልሽ ጉልበት ተሻለው? ስለ መጥፋቴ ብዙ አታናግሪኝ። ለምን እንደጠፋሁ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ይቅር በይኝ፤ ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። አሁን የምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው። “ሲቸግራት ብቻ ነው የምታስታውሰኝ” ብትዪም አልከራከርሽም።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አለሽ ወይ?

እማዬ እዚያ መሆኗን ሳትሰሚ አትቀሪም። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ፣ ወንድሜ ማሙሽ ጋ ናት። ከአንቺ ቤት በመኪና ሩቅ አይመስለኝም። ማሙሽ ስልሽ ያን ንፍጡን እየጠረግን ያሳደግነውን ልጅ እንዳታስቢ፤ አሁን ጺም አብቅሎ እኔን ይመክረኛል። ባለፈው ዓመት ደግሞ የትንሽ አውሮፕላን አብራሪነት ፈቃድ አወጣልሽ። ለሥራ እንዳይመስልሽ፣ ለመዝናናት ነው። ሰው ቅዳሜ ኳስ ያያል፣ እሱ ሴስና የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን በሰዓት ተከራይቶ ሰማይ ላይ ይዞራል። እማዬንም ወደ ጅማ ከመመለሷ በፊት ይዟት ሊወጣ ቃል ገብቶላታል።

ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። “ልጇ በገዛ አውሮፕላኑ ሊያዞራት ነው” ተብሏል። የኪራይ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ጎረቤቶቻችን ቡና በተቀመጥን ቁጥር “ፎቶው መጣ?” ይሉኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ሊወጡ ነበር። እማዬ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ይዛ አየር ማረፊያው ድረስ ሄደች። ማሙሽ ስልኩን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከተራሮቹ በኩል የሚመጣውን ነፋስ አልወደደውምና “ዛሬ አንወጣም” አለ። ጎበዝ አልኩ በልቤ። ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ጸጥ ብሎ ዋለ። ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። እማዬ “አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያላለው ነው” ብላ ዳቦ ቆሎዋን መኪና ውስጥ እየቆረጠመች ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ የማሙሽ ድምፅ ልክ አይደለም። “በከንቱ አስቀረኋት” ይለኛል። እኔ እንደሆነ በከንቱ አልልም። ጠዋት ሲወስን ያየው ነገር ነበር፣ ባየው ወሰነ። ሰማዩ ከሰዓት ሐሳቡን ቢቀይር የሱ ጥፋት አይደለም። ይህን ለሌላ ሰው ቢሆን እሱ ራሱ ያስረዳ ነበር፤ የእማዬን ፊት ሲያይ ግን ይጠፋበታል። አሁን የቀራቸው አንድ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ትበራለች፤ በትልቁ አውሮፕላን ማለቴ ነው።

ጅማ ተቀምጠሽ ስለ ዴንቨር ሰማይ ምን አገባሽ ትዪ ይሆናል። እሱም ያለኝ ይሄንኑ ነው፣ ትንሽ ጠንከር አድርጎ። ግን እኮ አብሬው ነው የተማርኩት። ለፈተናው ሲያጠና እየደወለ ያነብልኝ ነበር። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ “እሺ፣ ቀጥል” እላለሁ። ሳላስበው ገባኝ።

እዚያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ አስር ሰዓት ነው። ሐምሌን መቼም አትረሺውም። አስር ሰዓት ላይ የጅሬን ኮረብታ አይታይም፣ የአዌቱ ወንዝ ሞልቷል፣ መብራት ሄዷል። እኔ በቀረችኝ ቻርጅ ሴንቴኒያል የሚባለውን አየር ማረፊያ አየር አያለሁ። ሜታር ይሉታል፣ በየሰዓቱ ይወጣል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ፍጥነቱ፣ የደመናው ከፍታ፣ ሙቀቱ፣ የጤዛ ነጥቡ (እርጥበቱ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት)፣ ሁሉም በምሕጻረ ቃል ተጨምቆ አለ። ትንበያውን ደግሞ ታፍ ይሉታል። ቲኤስ ካየሁ ነጎድጓድ ነው። ሲቢ ካየሁ ያ ሽቅብ የሚቆለለው የመብረቅ ደመና ነው። ልጆቼ “እማ፣ ምንድን ነው የምታነቢው?” ሲሉኝ የአጎታችሁ ድግምት ነው እላቸዋለሁ።

ሙቀቱና የጤዛ ነጥቡ ሲቀራረቡ ጉም ይመጣል። ይሄማ የኛው ነው። አንቺን የሸኘን ቀን ጉሙ አልገለጥ ብሎ ጅማ አየር ማረፊያ ተጎልተን፣ ያለቀሽውን ለቅሶ እንደ አዲስ ስታለቅሺ፣ እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ገጥመው ነበር ማለት ነው። እዚያ ግን በዚህ ወቅት እኔን የሚያሳስበኝ ጉም አይደለም።

ሙቀቱን ተመልከቺ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ የእነሱ ማረፊያም ወደ 1,800 ሜትር ነው። ከፍታችን መቀራረቡ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ነገር ግን ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል። 32 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት አውሮፕላኗ 2,800 ሜትር ላይ የሆነች ያህል ትቸገራለች። ቦሌ እንኳ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። ለመነሳት ረጅም ትሮጣለች፣ ከተነሳችም በኋላ ቀስ ብላ ነው የምትወጣው። ወንበሯ አራት ነው፤ ነዳጅ ሞልተሽ አራት ትልልቅ ሰው ልጫን ብትዪ ግን አትችልም። ስለዚህ ኪሎ ይጠየቃል። እማዬ ስትጠየቅ “የመንግሥት ምስጢር ነው” አለች አሉ። ምናልባት አንቺም ብትጠየቂ የሠርግሽን ጊዜ ኪሎ እንዳትነግሪው።

ከሰዓት ደግሞ ደመናው አለ። በዚህ ወቅት ከደቡብ በኩል እርጥብ አየር ይገባል። ፀሐይዋ ተራሮቹን ታሞቃለች፣ ከቀትር ጀምሮ ደመናው እዚያ ይቆለልና ወደ ከተማው ይወርዳል። በማለዳ የሚወጡት ለዚህ ነው። ከከባድ ነጎድጓድ ቢያንስ 37 ኪሎ ሜትር ራቁ ይባላሉ። ከጅማ ተነስተሽ አጋሮ ልትደርሺ ስትቃረቢ በዪው። ከዚያ በመለስ ዝናቡ ገና ሳይደርስ ነፋሱ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። እማዬ ሰማይ ታነባለች። ጀንፈሉ ተሰጥቶ ሳለ ጅሬን በኩል ትንሽ ጠቆር ሲል “ሰብስቡ!” ትል አልነበር? እኔና አንቺ እየሳቅን ስንጎተት ዶፉ ይወርድብን ነበር። ማሙሽም ይህን ስለሚያውቅ “እማዬ፣ እንዴት ይመስልሻል?” ብሎ ይጠይቃታል። እዚህ ላይ ነው ልቤ ቀጥ የሚለው።

የዚያ አገር ሰማይ ሌላ ነው። ከደመናው ሥር ግራጫ መጋረጃ የመሰለ ዝናብ ይወርዳል፣ ግን መሬት አይደርስም። አየር ላይ ተንኖ ያልቃል። እማዬ በቪዲዮ አሳየችኝና “ይሄማ ዝናብ አይደለም፣ ማስፈራሪያ ነው” ብላ ሳቀች። በጅማ ሚዛን ልክ ናት፤ ጠብ የማይል ደመና ጀንፈል አያረጥብም። ለአውሮፕላን ግን አደገኛው እሱ ሊሆን ይችላል። ዝናቡ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘው አየር ይከብድና ባንዴ ቁልቁል ይወርዳል፣ መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይበተናል። በመሀሉ የምታልፍ አውሮፕላን መጀመሪያ ነፋሱ ከፊቷ ይመጣባትና ከፍ ከፍ ትላለች። ወዲያው ወደ ታች ይጫናታል፣ ቀጥሎ ነፋሱ ከኋላዋ ይሆናል፣ ክንፏ አየር ያጥረዋል። ልትነሳ ወይም ልታርፍ ስትል ከሆነ ማስተካከያ የሚሆን ከፍታ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1982 ተመራማሪዎች ይህንኑ ወራጅ ነፋስ በራዳር ሊያጠኑ ሲነሱ የሰፈሩት ዴንቨር ዙሪያ ነው። ቦታውን መምረጣቸው ብቻውን አይነግርሽም?

ደግሞ ማሙሽ ይህን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። እሱ እሷን እምቢ ማለት አይችልም። እሷ ደግሞ ልጇ እንዳይከፋው ብትፈራም “ደስ ይለኛል” ትላለች። ትናንት ብቻዋን አግኝቻት “እውነቱን ንገሪኝ፣ ትፈሪያለሽ?” ስላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ “እሱ እንዳይሰማ” አለችኝ። ፈርታለች ማለት ነው? ወይስ እንድታስቀሪብኝ አልፈልግም ማለቷ ነው? እንጃ። ሁለቱም አንዱ ለሌላው ሲል ሊወጡ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ሜታር ላይ አይጻፍም።

አንቺ ይሉኝታ ሲታደል የት እንደነበርሽ አላውቅም። ለእነዚያ ሽማግሌዎች ያልሽውን እስቲ አስታውሺ። እኔ እስከ ዛሬ በዚያ በር በኩል አላልፍም።

ስለዚህ ሂጂልኝ። እማዬን ልትጠይቂ የመጣሽ ምሰዪ። ደግሞም ጠይቂያት፣ ስላንቺ ሳታነሳ አትውልም። ማሙሽ ገና ጀማሪ ስለሆነ አስተማሪው “የራስህን ገደብ ቤትህ ተቀምጠህ ጻፍ” ብሎት ፍሪጁ ላይ ለጥፎታል። የእይታው ርቀት፣ የጎን ነፋሱ፣ የደመናው ከፍታ ምን ያህል ሲሆን እንደማይወጣ ሁሉም አለ። ከሕጉ ጠበቅ ያለ ነው። ማንም ሳይጠብቀው፣ በሰከነ ልቡ የጻፈው ነውና እሱን አምነዋለሁ። ከፍሪጁ ላይ ንቀዪና ይዘሽ ሂጂ። ተራሮቹ አናት ላይ ያለውን ነፋስም ጠይቂው። ከ25 ኖት ካለፈ፣ በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ተራሮቹ አይጠጋም፤ በሜዳው በኩል ዞሮ ይመለስ። ከደመና ሥር የተንጠለጠለ ነገር ካለ በዓይንሽ እዪ፣ እማዬ “ማስፈራሪያ ነው” ብትልም።

ከዚያ ፈቀቅ አድርጊውና “ሰኞ ባትሄድ ኖሮ ዛሬ ትወጣ ነበር?” በይው። መልሱን ተዪው፣ ፊቱን እዪ። ስኳር ሲሰርቅ ስትይዢው የነበረውን ፊት ታውቂዋለሽ። ካላማረሽ እማዬ እየሰማች “እኔ ፈራሁ፣ ዛሬ ይቅር” በይ። ባንቺ ይመካኝ። እሱም እናቱን አላስከፋም፣ እሷም ልጇን። የፈረደባት አንቺ ትሆኛለሽ፣ ለምደሽዋል።

አንድ ነገር ደግሞ... ልጻፈው ወይስ ልተወው? ይሁን። እማዬን ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ ነኝ፣ መድኃኒቷን የምቆጥረው እኔ ነኝ። እሱ ባንድ ጠዋት ሰማይ ያሳያታል፣ ሰፈሩም ስለ እሱ ያወራል። ቅር ብሎኛል። ከፍርሃቴ ስንት እጁ ቅናት እንደሆነ ለይቼ አላውቀውም። በስልክ ብትሆኚ አልነግርሽም ነበር። አንቺን የምልክሽ አንዱም ለዚህ ነው፤ የኔ ፍርድ ብቻውን አይታመንም።

እና አየሩ ጥሩ ከሆነ ሰበብ እንዳትፈልጊ። ማለዳ፣ ነፋሱ የረጋ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ ይውጡ። ሳይሞቅ ደርሰው ይመለሱ። አንቺ ፎቶ አንሺ፣ አውሮፕላኗ ሙሉ ትታይ፤ ክንፏ ከተቆረጠ እዚህ ማንም አያምነኝም።

ጃኬት አሲዢያት፣ ላይ ይበርዳል። ቢወጡ ሲያርፉ፣ ቢቀሩ እንደቀሩ ጻፊልኝ። የኔ ኔትወርክ ከጠፋ ለታላቅ እህቴ ደውዪ፣ ቁጥሯ ያው ነው። ማሙሽ ይሄን ደብዳቤ እንዳያይ። በእማዬ ሻንጣ ደግሞ ያንቺ ድርሻ ቡና ነበረ፣ ስምሽን ጽፌበታለሁ። አድራሻሽን አላውቀውም ብሎ ቁጭ አድርጎታል። ጠጥቶ ካልጨረሰው ተቀበዪው።

ያንቺው