ነገ 7ኛ ቀንሽ ነው

ሚጣዬ፣

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደወለ። አንቺ "ትንሽ ጫረኝ" ነበር ያልሽኝ፤ ለካ ውሻሽ ጉዴ ነክሶሽ ደምተሻል። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያውን ሁለት መርፌ ተወግተሽም "በቃኝ፣ ውሻው ደህና ነው" ብለሻል አሉ። በቃኝ ብሎ ነገር የለም! ነገ 7ኛ ቀንሽ ነው፣ ሦስተኛውን ትወጊያለሽ።

ጉዴን እንደምወደው ታውቂያለሽ። ለፋሲካ ስመጣ የቀኝ ጫማዬን በልቶብኝ በነጠላ ጫማ ነው የተመለስኩት፣ ተናገርኩ? መገናኛ ዝናብ ሲመታው አይተሽ ያመጣሽው ቀን ግን "ለራሷ ሳይተርፋት" ብያለሁ፣ አልዋሽም። ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተመረቅሽ ጀምሮ ሁለት ዓመት ብሩሽ ሳትነኪ ከርመሽ፣ መሳል የጀመርሽው እሱ ከመጣ ወዲህ ነው። ሰማያዊ ቀለም ረግጦ ሸራሽ ላይ የተንሸራሸረ ቀን የላክሽልኝ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። አራት ዳና፣ ከኋላው የጅራት ጭረት። ተበላሸብኝ ብለሽ አለቀስሽ። ከዚያ ዳናውን ተከትለሽ ሰፈሩን በሙሉ ሳልሽበት። እኔ ከሥራዎችሽ ሁሉ እሱን እወዳለሁ።

መርፌውን ግን ትጨርሻለሽ።

ቡቺን ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። ደብረ ብርሃን፣ ልጅ ሆኜ። ጅራቱን ስጎትተው ነከሰኝ። አያትሽ ሲጠይቁኝ፣ ቁጣቸውን ፈርቼ፣ "ዝም ብሎ መጣብኝ" አልኩ። አብዷል ተባለ። ጎረቤት ዱላ ይዞ ወጣ፤ ቡቺ ሊጫወቱ የመጡ መስሎት ጅራቱን እየቆላ ሄደላቸው። እኔ ጉለሌ አክስቴ ቤት ተቀምጬ፣ ፓስተር ኢንስቲትዩት እየተመላለስኩ፣ 14 ቀን ሆዴ ላይ ተወጋሁ። ሕመሙን ረስቼዋለሁ። ስመለስ ባዶ ሰንሰለቱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አያትሽ እስኪሞቱ እውነቱን አልነገርኳቸውም።

ምን ልልሽ ነበር የጀመርኩት... አዎ። ጉዴን እሰሪው፣ ምግብና ውሃ እየሰጠሽ 10 ቀን ተከታተዪው። ማንም ዱላ ይዞ እንዳይጠጋው፣ የአከራይሽም ልጅ ቢሆን። ደህና ከሆነም መርፌው ይቁም አይቁም የሚለው ሐኪሙ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ይሄ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም፣ ገባሽ? እናትሽ ጠበል ትጠመቅ ትላለች። ተጠመቂ፣ ግን ከመርፌው በኋላ። እሱንም አስከትቢው፤ እስካሁን አለማስከተብሽ ያናድደኛል። ሽንኩርት ያለበት ወጥ አትስጪው፣ ለውሻ መርዝ ነው። የቀለም ማቅጠኛሽን ተርፔንታይኑንም ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ፣ ያ ሌባ የማይከፍተው ነገር የለም።

ለታክሲና ለመርፌው በቴሌብር ልኬልሻለሁ። ቀለም እንዳትገዢበት። ነገ 7 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ ስልክሽን አንሺ፤ ካርዱንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

አባትሽ

ያንን ባለ ዳናውን ሥዕል እንዳትሸጪው። ከሸጥሽውም ለእኔ ይሁን።