ቡቺን ለሰው ከመስጠትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ማሙሽና ሚጡስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐረር ዝናብ ጥሎ ቀዝቅዟል። ድሬ ግን ሙቀቱ እንደሚያነዳችሁ አውቃለሁ።

ትናንት በስልክ «እማዬ፣ ቡችላው ቡቺ ልጆቹን እየነከሰ አስቸገረኝ፤ ለሰው ልስጠው ወይስ አንቺ ጋ ልላከው?» አልሽኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በስልክ ደፍሬ ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ነው የምጽፍልሽ።

ነብሮን ታስታውሺዋለሽ? 6 ዓመትሽ እያለ የነበረን ውሻ። «ገጠር ሄዷል፣ እዚያ ይሻለዋል» ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሽ ነው። ክንድሽን ነክሶሽ ደም ሳይ ደነገጥኩና፣ ብዙም ሳልቆይ መጋዘን ለሚጠብቅ ሰውዬ ሰጠሁት። ከሁለት ወር በኋላ በዚያ ሳልፍ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ፀሐይ ላይ ተኝቷል። የውሃ ጣሳው ተገልብጧል። የአንገቱ ፀጉር ተመልጦ ቆዳው ቆስሏል። ሲያየኝ ጅራቱን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ። ዝም ብዬ አለፍኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።

ስለዚህ «ለሰው» ስትዪ ለማን እንደሆነ መጀመሪያ ንገሪኝ። እኔ ጋም አትላኪው። ሐረር ጅብ ማታ ማታ በየሰፈሩ ይዞራል፤ የጀጎል ግንብ እንኳ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለው። የኔ ቆርቆሮ አጥር ደግሞ ከስሩ ክፍት ነው፣ ቡችላ ያሾልካል።

ቡቺ ክፉ ሆኖ አይደለም። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት። ሲጫወቱ አንዱ ጠንከር አድርጎ ከነከሰ፣ የተነከሰው ጮሆ ጨዋታውን ይተዋል። ነካሹ አፉን ማለዘብ የሚማረው በዚህ ነው። አንቺ በ5 ሳምንቱ አመጣሽው፣ ሳይማር መጣ። አሁን ወንድሞቹ ማሙሽና ሚጡ ናቸው። እነሱ ደግሞ ሲነክሳቸው እየጮሁ ይሮጣሉ። እሱ ጨዋታው የደመቀ ይመስለውና ቁርጭምጭሚታቸውን እያሳደደ ይይዛል።

እንግዲህ ልጆቹን አስተምሪያቸው። ሲነክስ እንዳይሮጡ፣ እጃቸውን እንዳይመነጭቁ። ዝም ብለው ይቁሙ፣ ፊታቸውን ያዙሩ። አንቺም አፉን አትምቺው፤ የሚማረው እጅ መፍራትን ብቻ ነው። ጨርቅ አርጥበሽ፣ ቋጥረሽ፣ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዢና ስጪው፤ ድዱ ሲበላው ያንን ያኝክ። የወተት ጥርሱ በ4 ወሩ አካባቢ መርገፍ ይጀምራል፣ እስከ 7 ወሩ ድረስ ትልቁ ጥርስ ይተካል። አመሻሹ ላይ እንደ እብድ የሚያደርገው ደግሞ ደክሞት ነው። ቡችላ እንደ ሕፃን ነው፣ አብዛኛውን ቀን መተኛት አለበት። ልጆቹ የማይደርሱበት ጥላ ቦታ አዘጋጂለት። ከማሙሽ ጋር ብቻቸውን አትተያቸው፣ ለደቂቃም ቢሆን።

የጎረቤትሽ ልጆች ሲመጡ እሰሪው። ምራቁ ልብሳቸውን ከነካ እናታቸው ለሶላት ብላ እንደገና ማጠብ አለባት። ያቺ ሴት ስንት ጊዜ ልጆችሽን ይዛልሻለች፣ አታስቀይሚያት።

ይሄን ግን አደራ። 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጊው፣ ሐኪሙ በሚነግርሽ ጊዜም ይደገምለት። ጥርሱ የልጅ ቆዳ ከበሳ፣ ጭረትም ቢሆን፣ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና ጤና ጣቢያ ሂጂ። «ትንሽ ነው» ብለሽ አትዘናጊ። ያ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ፣ ትልቁ ጥርሱ ወጥቶም ደም የሚያወጣ ከሆነ፣ ወይም ምግቡ ጋ ሲጠጉት ደርቆ ቆሞ የሚያጉረመርም ከሆነ፣ ያኔ ስጪው። ልጆችሽ ይበልጣሉ። ግን ትንሽ ልጅ ለሌለበት ቤት ይሁን፣ መንከሱንም ሳትደብቂ ተናገሪ። ለማሙሽና ለሚጡም የት እንደሄደ እውነቱን ንገሪያቸው።

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ የደንገጎን ቁልቁለት ወርጄ እመጣለሁ። እስከዚያ ለማንም እንዳትሰጪው። ሚጡ ጨርቁን አቀዝቅዛ ትጠብቀኝ፣ አብረን እንሰጠዋለን።

እናትሽ
ከሐረር