ከሻዩ በፊት ሞላሰስ ነበር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አሜሪካ ነጻነት ባወጣችሁት ጽሑፍ ከእንግሊዝ ጋር ለተነሣው ጠብ ምክንያት ተብሎ የሻይ ቀረጥ ብቻ መነሣቱ ጎደሎ ነው። እዚህ ሰበታ ከብት አደላቢው ጭድ የሚያረጥብበት ሞላሰስ፣ ከሸንኮራ ስኳር ሲወጣ የሚተርፈው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ፣ ሁለቱን ቀድሞ አጣልቷቸዋል።

ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የነበሩት የማሳቹሴትስ ሰዎች ኮድ የተባለውን ዓሣ ጭንቅላቱን ቆርጠው፣ ሆዱን ዘርግፈው፣ የላይኛውን አከርካሪ አውጥተው ጨው ይነሰንሱበት ነበር። ቆይተው ያጥቡትና በእንጨት ቆጥ ላይ ያሰጡት ነበር፤ ማታና በዝናብ ቆዳውን ወደ ላይ ይገለብጡት ነበር። ጨው ከበዛ ሥጋው ይቃጠላል፣ ካነሰ ይበሰብሳል፤ ፀሐይ ከበረታ ደግሞ እዚያው ቆጡ ላይ ይበስላል። ምርጡ ስፔን ወዳለው የቢልባኦ ወደብ ይሄድ ነበር። የተሰባበረውና የተበላሸው ወደ ካሪቢያን ደሴቶች፣ በሸንኮራ እርሻ ይማቅቁ ለነበሩ ባሪያዎች ቀለብ! ነጋዴ መቼም ለብልሽትም ገበያ አያጣም።

መርከቡ ሲመለስ ሞላሰስ ይጭን ነበር፤ ከ1 ጋሎኑ 1 ጋሎን ገደማ ሩም የተባለ አረቄ ይወጣዋል። በካሪቢያን የፈረንሳይ ደሴቶች ሞላሰስ ርካሽ ነበር፤ ፈረንሳይ ከወይን የሚወጣውን አረቄዋን፣ ብራንዲን፣ ከፉክክር ስለምትጠብቅ ሩም አትፈልግም ነበር። እንግሊዝ በ1733 እ.ኤ.አ. በጋሎን 6 ፔንስ ቀረጥ ጣለችበት፤ ውጤቱ ኮንትሮባንድና ጉቦ ሆነ። በ1764 ቀረጡን ወደ 3 ፔንስ አወረደችው፤ ይሁንና የምር መሰብሰብ ጀመረች። ነጋዴው የጮኸው ያኔ ነው፣ ቀረጡ ሲቀንስ።

የታሪክ መምህራን፣ ከሰበታ