አባባ፣ ጅራቱ ላይ ያለውን ፕላስተር ይላጡት

ይድረስ ለውድ አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ሐዋሳ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማሙሽ የላከልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ትንሽዬ የሞዴል አውሮፕላን ስትሠሩ ማየት እንዴት ደስ እንዳለኝ! ክንፉ ቀጥ ብሏል፤ ሞተሩም ጉልበት አለው። ግን ከእጅ እንደወጣ አፍንጫውን ሽቅብ ያነሳና ፍጥነቱን ጨርሶ ይወድቃል። እርስዎ «ሞተሩ ደክሞ ነው» ብለውኛል። እኔ ግን ጅራቱ ከብዶት ይመስለኛል።

ሚዛኑን፣ ማለትም አውሮፕላኑ ከሥር ሲደገፍ ወደፊትም ወደኋላም ሳያዘነብል የሚቆምበትን ነጥብ፣ እንዲህ ይፈልጉት። ባትሪውም ፕሮፔለሩም ቦታቸው ላይ ይሁኑ። የባትሪውን ገመድ ግን አያገናኙት፤ ፕሮፔለሩ በድንገት ከዞረ ጣት ይቆርጣል። ከዚያ የክንፉን ስፋት ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ ይለኩ። እንደናንተው ባለ ቀጥ ያለ ክንፍ ላይ የሚዛኑ ነጥብ ከፊት ጠርዙ ተነስቶ የስፋቱ ከ25 እስከ 33 በመቶ ላይ ያርፋል። ለመጀመሪያው በረራ 25ቱ ይሻላል። ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው በሁለቱም ክንፎች ሥር ምልክት ያድርጉ።

በጣት ማንሳትም ይቻላል፤ እጅዎ ስለሚንቀጠቀጥ ግን አይድከሙ። ላጲስ ያላቸውን ሁለት እርሳሶች ጣውላ ላይ ያቁሙና ምልክቶቹን በላጲሱ ላይ ያሳርፉ። ጣውላ መሰርሰር ለእርስዎ ምን አላት!

አፍንጫው ትንሽ ቢያዘነብል ግድ የለም። አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን ይንቀረፈፋል እንጂ ይታዘዛል። ጅራቱ የከበደ ግን ማንንም አይሰማም።

ጅራቱ ከወረደ ክብደት ለመጨመር አይቸኩሉ። መጀመሪያ ባትሪውን ወደፊት ይግፉት። ጅራቱ ሲሰበር የጠቀለላችሁበትን ፕላስተርም ላጡና በስሱ ሙጫ ተኩት። ጅራቱ ከሚዛኑ ነጥብ ያለው ርቀት የአፍንጫውን 3 እጥፍ ከሆነ፣ እዚያ የተረፈ 10 ግራም አፍንጫው ላይ 30 ግራም ያስጨምራል። ያንን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ ክንፉ ነው።

የአዳማን ነፋስ ለእርስዎ አልነግርም፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እዚያ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ በማለዳ ሣር ያለበት ሜዳ ውጡ። ማሙሽ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ይወርውረው። እርስዎ እባክዎ አይሩጡ፤ ከጎን ቆመው ይመልከቱ። ቀጥ ብሎ ተንሸራቶ ካረፈ ሞተሩን አስነሱ። አሁንም ሽቅብ ካለ ባትሪውን ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩት።

ቪዲዮውን ማሙሽ ይላክልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ፣ ከሐዋሳ