ወገብ ሲያም ሆድ የምንጫነው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ያመመኝ ወገቤን ነው፤ ሆዴን ለምን ትነካካላችሁ?» ብዙዎቻችሁ ትጠይቁናላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰው ሆዱን ከማስነካቱ በፊት ምክንያቱን ማወቅ አለበት።

ከወገብ አጥንት ግራና ቀኝ ተነስቶ፣ ከሆድ ዕቃ ኋላ ቁልቁል ወርዶ፣ በብሽሽት አልፎ ከጭን አጥንት ጋር የሚያያዝ ጡንቻ አለ። ሶአስ ይባላል። ሉካንዳ ቤት ፊሌቶ የምንለው የበሬ ሥጋ ይኸው ጡንቻ ነው። ጉልበታችንን ወደ ሆዳችን የሚያነሳው እሱ ነው። ደረጃ ስትወጡ፣ ሚኒባስ ስትሳፈሩ ይሠራል።

ስንቀመጥ ግን ተኮማትሮ ይቆያል። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሹፌር ወይም ስፌት መኪና ላይ የምትውል ልብስ ሰፊ ብድግ ሲሉ ጡንቻው ቶሎ አይፍታታም። የወገብን አጥንት ወደፊት ጎትቶ ይይዛል። ከወንበር ተነስቶ ለጥቂት እርምጃ ቀጥ ማለት የሚያቅተው፣ በጀርባው ሲተኛ ጉልበቱን ካላጠፈ የማይመቸው ደንበኛ ሲመጣ ቀድመን የምናየው ይህን ጡንቻ ነው። የወገብ ሕመም ሁሉ ግን ከዚህ አይመጣም።

አሠራራችን እንዲህ ነው። በጀርባችሁ ትተኛላችሁ፤ ከጉልበታችሁ ስር ትራስ እናደርጋለን። ጣቶቻችንን በእምብርትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል አሳርፈን፣ ትንፋሽ ባወጣችሁ ቁጥር ቀስ እያልን ወደ ውስጥ እንገባለን። ከዚያ «እግርህን ትንሽ አንሳ» እንላለን። ጡንቻው ከጣታችን ስር ከተወጠረ ቦታውን አግኝተነዋል ማለት ነው። የደም ስር ምት ከተሰማን ወዲያው እንለቃለን፤ ትልልቅ የደም ቧንቧዎች በአጠገቡ ያልፋሉ። ደብዘዝ ያለ ሕመም ያለ ነው። የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ወይም ወደ እግር የሚነዝር ከሆነ ግን «በቃ» በሉን። እባካችሁ ጥርስ ነክሳችሁ አትቻሉት።

እርጉዝ ለሆነች፣ በቅርቡ ሆዱን ኦፕራሲዮን ለሆነ፣ ሄርኒያ ወይም የኩላሊት ጠጠር ላለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህን ማሳጅ አንሠራም። ቅር አይበላችሁ።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበናል። የወገብ ሕመሙ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለው መጀመሪያ ሐኪም ይየው። አከርካሪን የሚይዝ ቲቢ በአገራችን አለ፤ መግሉም በዚሁ ጡንቻ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ መቀመጫችሁ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግራችሁ ከዛለ ደግሞ ለነገ የማይባል ነው፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ማሳጁ ለጊዜው ያቀላል እንጂ ብቻውን አይበቃም። ቤት ስትሆኑ አንዱን ጉልበት ትራስ ላይ አንበርክኩ፣ ሌላውን እግር ከፊት አቁሙ። መቀመጫችሁን አጥብቃችሁ ዳሌያችሁን ቀስ ብላችሁ ወደፊት ግፉ፤ ብሽሽታችሁ ሲሳብ 30 ሰከንድ ያህል ቆዩ። ከዚያ እግር ቀይሩ። ሥራ ላይም ቶሎ ቶሎ ከወንበር ተነሱ።

ከመምጣታችሁ በፊት 2 ሰዓት ያህል ምግብ አትብሉ። ያለባችሁን ሕመምና የምትወስዱትን መድኃኒት ሳትደብቁ ንገሩን። በሴት ባለሙያ መታሸት የምትፈልጉ እህቶች፣ ቀጠሮ ስትይዙ ብቻ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማሳጅ ቤታችሁ ባለሙያዎች